«ልጄ ዶክተር ሆነች፤ ገንዘቡስ?» የሕፃናት ሐኪም የመጀመሪያ የሥልጠና ዓመትና የቤተሰቡ ሒሳብ

ባለፈው የማርች ወር መጨረሻ አንድ የቆዩ ደንበኛዬ የዓመት ግብራቸውን ሊያሠሩ ወደ ቢሮዬ መጡ። ከሃያ ዓመት በላይ ታክሲ የነዱ፣ ዛሬም የራሳቸውን መኪና ቀን ብቻ ሳይሆን ሌሊትም የሚያሽከረክሩ አባት ናቸው። ያን ዕለት ፊታቸው በርቶ ነበር። ወረቀታቸውን ጠረጴዛዬ ላይ ሳያስቀምጡ፣ «ልጄ ዶክተር ሆነች! የሕፃናት ሐኪም እንድትሆን ኦሃዮ ያለ ሆስፒታል ተቀበላት» አሉኝ። እንኳን ደስ አለዎት ብዬ ተነሥቼ ሳምኳቸው።

ከዚያ ተረጋግተው ተቀመጡና ዕቅዳቸውን ዘረዘሩልኝ። ልጅቱ በጁላይ ሥራ ስትጀምር እሳቸው የሌሊቱን ሥራ ያቆማሉ። አሁን ያሉበትን ቤት ሸጠው፣ የእርሷንም ስም አስገብተው ተለቅ ያለ ቤት ይገዛሉ። ደላላው ተገኝቷል፤ ፊርማው ለዓርብ ተቀጥሯል።

«ጋሼ፣ እስቲ ዓርቡ ይቆይ» አልኳቸው።

በዚያው ሳምንት አንዲት የግሮሰሪ ባለቤት ደግሞ ስልክ ደወሉ። የወንድማቸው ልጅ አዲስ አበባ በጠቅላላ ሐኪምነት ሲሠራ ቆይቶ፣ የአሜሪካኑን ፈተና አልፎ፣ በሕፃናት ሕክምና ለመሠልጠን በጄ-1 ቪዛ ሊመጣ ነው። ሥልጠናው እሳቸው ባሉበት ከተማ ነው። «እኔ ዘንድ ያርፋል፤ በትርፍ ጊዜውም ካሽ ሬጅስተሩን ይይዝልኛል» አሉኝ። እሳቸውንም «እሜቴ፣ እንዳያደርጉት» ማለት ግድ ሆነብኝ።

ሁለቱም ብልሆች ናቸው፤ ከባዶ ተነሥተው ሀብት ያፈሩ ሰዎች ናቸው። የተሳሳቱት «ዶክተር» የሚለው ቃል በአንድ ቀን ገንዘብና ትርፍ ጊዜ ይዞ የሚመጣ መስሏቸው ነው። ይህን የመሰለ ጥያቄ በየዓመቱ ስለሚቀርብልኝ በዛሬው አምዳችን የሕፃናት ሐኪም የመጀመሪያ የሥልጠና ዓመት ምን እንደሚመስል፣ ምን ያህል እንደሚከፈልበት፣ ግብሩና ቪዛው እንዴት እንደሆነ፣ ቤተሰብም ምን ማድረግና ምን አለማድረግ እንዳለበት ለመግለጽ እሞክራለሁ።

ዶክተር ናት፤ ግን ሠልጣኝ ናት

በመጀመሪያ የስም ግራ መጋባት እንዳይኖር። በአገራችን «ኢንተርን» የሚባለው ከመመረቁ በፊት የመጨረሻ ዓመቱን በሆስፒታል የሚያሳልፍ የሕክምና ተማሪ ነው። በአሜሪካ ግን «ኢንተርን» የሚባለው ተመርቆ፣ የዶክተርነት ማዕረጉን ይዞ፣ የልዩ ሙያ ሥልጠናውን የመጀመሪያ ዓመት የጀመረ ሐኪም ነው። ሥልጠናው በጠቅላላው «ሬዚደንሲ» ይባላል። ለሕፃናት ሕክምና ሬዚደንሲው 3 ዓመት ይፈጃል። የልብ፣ የካንሰር ወይም የጨቅላ ሕፃናት ልዩ ሐኪም መሆን የሚፈልግ ደግሞ በተለምዶ ሌላ 3 ዓመት ይጨምራል።

ከአገር ቤት የሚመጣ ሐኪም፣ አምስት ዓመት ቢሠራ፣ አንድ ሙሉ ወረዳ ሲያክም ቢኖር እንኳ፣ እዚህ በአብዛኛው ከአንደኛው ዓመት ይጀምራል። ይህ ለብዙዎቹ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን መራራ ክኒን ነው። ለፈተናው እያጠኑ ታክሲ የነዱ፣ በመኪና ማቆሚያ የሠሩ ሐኪሞች በመካከላችን እንዳሉ ታውቃላችሁ። ለነዚህ ሰዎች የመጀመሪያው ዓመት የሽንፈት ሳይሆን የመመለሻ በር ነው።

ቦታው የሚገኘው «ማች» በሚባለው አገር አቀፍ ድልድል ነው። አመልካቹ በመስከረም ግድም ማመልከቻ ያስገባል፤ በበልግና በብርድ ወራት ቃለ መጠይቅ ይደረግለታል፤ ከዚያ የሚፈልጋቸውን ሆስፒታሎች በቅደም ተከተል ይጽፋል። ሆስፒታሎቹም እንዲሁ ያደርጋሉ። በማርች ወር በሦስተኛው ሳምንት ሰኞ ቦታ ማግኘቱን፣ ዓርብ ደግሞ የት እንደሆነ ያውቃል። ውጤቱ ሁለቱንም ወገን የሚያስገድድ ውል ነው። ስለዚህ «ለምን ቅርባችን ሜሪላንድ አልሆነችም? ሄደሽ ለምኚያቸው» ማለት ዋጋ የለውም። ልጅቱ ኦሃዮ ከደረሳት ኦሃዮ ነው።

የሕፃናት ሕክምና ከሌሎቹ ልዩ ሙያዎች አንጻር ክፍያው ዝቅ ያለ ነው። በርካታ ሕፃናት የሚታከሙት በሜዲኬይድ ሲሆን፣ ሜዲኬይድ የሚከፍለው ደግሞ አነስተኛ ነው። በ2024ቱ ማች ከ200 በላይ የሕፃናት ሕክምና ቦታዎች በመጀመሪያው ድልድል ሳይሞሉ ቀርተዋል። ይህ ለአገሪቱ ጥሩ ዜና ባይሆንም፣ ከውጭ ተምረው ለሚመጡ አመልካቾች ግን በሩ ከሌሎች ሙያዎች ይልቅ ገርበብ ያለ መሆኑን ያሳያል። ልጅዎ ይህን ሙያ ስትመርጥ ገንዘቡን ሳታውቅ ቀርታ አይደለም። እያወቀች ነው የመረጠችው።

ዓመቱ እንዴት ያልፋል?

ሥራው በተለምዶ ጁላይ 1 ይጀመራል። ሠልጣኟ በየ4 ሳምንቱ ወይም በየወሩ ክፍል ትቀያይራለች። የተኙ ሕፃናት ያሉበት ክፍል፣ አዲስ የተወለዱ ሕፃናት ክፍል፣ ያለ ጊዜያቸው የተወለዱ ጨቅላዎች ጽኑ ሕክምና፣ ድንገተኛ ክፍልና የተመላላሽ ክሊኒክ ሁሉ ይደርሷታል። ከዚህ ጎን ለጎን ለ3 ዓመት ያህል የራሷ የምትላቸውን ሕፃናት የምትከታተልበት ክሊኒክ ይኖራታል። በአንደኛው ዓመት የተወለደን ሕፃን ክትባቱን እየሰጠች፣ ክብደቱንና ቁመቱን እየመዘገበች፣ አፉን ፈትቶ ሲሮጥ እስክታይ ድረስ ታሳድገዋለች።

በየቀኑ ከንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል ግድም ትገባለች። ከሌሊት ተረኛው ትረከባለች፤ ሕፃናቱን አንድ በአንድ ታያለች፤ ከዚያ ከአለቃዋ ሐኪም፣ ከነርሷና ከወላጆቹ ጋር በየአልጋው ይዞራሉ። ከሰዓት በኋላ ትእዛዝ መጻፍ፣ ውጤት መከታተል፣ ለወላጅ ማስረዳት፣ አዲስ የሚገባ በሽተኛ መቀበል ነው። በብርድ ወራት አርኤስቪ የተባለው ሳንባን የሚያጠቃ ቫይረስ ሲነሣ ክፍሉ በሚያጣጥሩ ሕፃናት ይሞላል። ብቻዋን ግን አትተውም። በመጀመሪያው ዓመት ከበላይዋ ሁልጊዜ የሚቆጣጠራት ሐኪም መኖር አለበት።

እኔ የቁጥር ሰው ነኝና ከዚህ ሥራ ይበልጥ ያስደነገጠኝ የነጥብ ነገር ነው። ለአዋቂ ሰው መድኃኒት ብዙ ጊዜ በፍሬ ይታዘዛል። ለሕፃን ግን በኪሎ ይሰላል። ሐኪሟ ለያንዳንዱ ኪሎ 15 ሚሊግራም የሚሰጥ መድኃኒት 4 ኪሎ ለሚመዝን ሕፃን ስታዝ 60 ሚሊግራም ይሆናል። ነጥቡ አንድ ቤት ብትንሸራተት 600 ይሆናል፤ አሥር እጥፍ ማለት ነው። እኔ ነጥብ ብሳሳት አይ አር ኤስ ደብዳቤ ይልክልኛል፤ አስተካክዬ እመልሳለሁ። እርሷ ነጥብ ብትሳሳት ደብዳቤ የሚልክላት የለም። ስለዚህ ነው ፋርማሲስቱም ነርሷም ትእዛዙን ደግመው የሚመረምሩት፤ ስለዚህም ነው ልጅዎ ስልክ ላይ ድምፅዋ የደከመው።

ሌላው ትልቅ ነገር ርክክብ ነው። ይህን ባለ ሱቆች ከማንም በላይ ትረዱታላችሁ። የቀኑ ሠራተኛ ለማታው ካሽ ሬጅስተሩን ሲያስረክብ ገንዘቡ ካልተቆጠረ፣ ያልተከፈለው ዱቤ ካልተነገረ፣ በማግስቱ ጠብ ይነሣል። በሆስፒታልም ሐኪም ለሐኪም ሲያስረክብ የሚቀር ነገር አደጋ ያመጣል። በዘጠኝ የሕፃናት ሕክምና ማሠልጠኛ ሆስፒታሎች የተካሄደና በ2014 የታተመ ጥናት፣ ርክክቡ አንድ ወጥ ሥርዓት ሲበጅለት የሕክምና ስሕተት በ23 በመቶ፣ ሊወገድ ይችል የነበረ ጉዳት ደግሞ በ30 በመቶ መቀነሱን አሳይቷል። ሥርዓቱ ቀላል ነው። በሽተኛው ምን ያህል እንደታመመ፣ ታሪኩ በአጭሩ፣ የሚቀረው ሥራ፣ ሌሊት ምን ሊፈጠር እንደሚችል ይነገራል፤ በመጨረሻም ተረካቢው የሰማውን ደግሞ ይናገራል። እኔ ይህን ከሰማሁ ወዲህ ሁለት ሺፍት ላላቸው ደንበኞቼ ሁሉ «ተረካቢው የተረከበውን ጮክ ብሎ ይድገም» እላለሁ።

በዚህ አጋጣሚ ለወላጆች አንድ ማሳሰቢያ። ከተወለደ 3 ሳምንት ያልሞላው ሕፃን 38 ሴንቲግሬድ ወይም 100.4 ፋራናይት ትኩሳት ይዞ ድንገተኛ ክፍል ሲደርስ፣ ደሙንና ሽንቱን ብቻ ሳይሆን ከጀርባው አከርካሪ የሚቀዳውን ፈሳሽ ጭምር መመርመር የተለመደ አሠራር ነው። ብዙ ወገኖቻችን «ልጄን ሽባ ያደርጉብኛል» ብለው ይደነግጣሉ፤ ፊርማም ይከለክላሉ። መርፌው የሚገባው የአከርካሪው ነርቭ ካለቀበት ዝቅ ብሎ ነው። የሚፈለገውም ማጅራት ገትርን በጊዜ ለማግኘት ነው። ያቺ በሌሊት የምትለምንዎት ወጣት ሐኪም የእርስዎ ልጅ የመጀመሪያ ዓመት ጓደኛ ልትሆን ትችላለች። ጥያቄዎን ይጠይቋት፤ አስተርጓሚም ይጠይቁ፤ በነፃ የማግኘት መብት አለዎት።

የሥራው ሰዓት

በ1984 በኒው ዮርክ ሊቢ ዛየን የምትባል የ18 ዓመት ወጣት ሆስፒታል በገባች በሰዓታት ውስጥ ሞተች። ያከሟት ለረጅም ሰዓት የሠሩ ሠልጣኝ ሐኪሞች ነበሩ። አባቷ ጋዜጠኛ ነበሩና ነገሩን እስከ መጨረሻው ተከታተሉት። ከዚያ የተነሣ የኒው ዮርክ ግዛት በ1989 የሠልጣኞችን ሰዓት ወሰነ፤ በ2003 ደግሞ በመላው አገሪቱ በሳምንት ከ80 ሰዓት እንዳይበልጥ ተደነገገ።

ይህ 80 ሰዓት የሚሰላው በ4 ሳምንት አማካይ ነው። አንዱ ሳምንት 90፣ ሌላው 65 ሊሆን ይችላል። ከ7 ቀን 1 ቀን ነፃ መሆን አለባት፤ ይህም በአማካይ ነው። በ2011 የመጀመሪያ ዓመት ሠልጣኞች በአንድ ጊዜ ከ16 ሰዓት በላይ እንዳይሠሩ ተደርጎ ነበር። በ2017 ግን ተሻሽሎ እስከ 24 ሰዓት፣ ለርክክብም እስከ 4 ሰዓት ተጨማሪ ተፈቀደ። በአገር ቤት ሐኪሞቹ «ዱቲ» የሚሉት አዳር ማለት ይኸው ነው።

ይህን የማነሣው ለታክሲ ባለቤቶች በተለይ ነው። እንቅልፍ ያጣ ሰው መሪ ሲይዝ ምን እንደሚሆን እናንተ ታውቃላችሁ። ለማሠልጠኛ ሆስፒታሎች የወጣው ደንብ፣ ለመንዳት የደከመ ሠልጣኝ የሚተኛበት ክፍል ወይም ወደ ቤቱ የሚሄድበት መጓጓዣ እንዲዘጋጅለት ያዛል። ብዙ ወጣቶች ግን አፍረው አይጠይቁም። ልጅዎን «ስንት አገኘሽ?» ከማለት በፊት «ከአዳር ወጥተሽ አትንጂ» ይበሏት።

ደመወዙ

አሁን ወደ እኔ ሙያ ልግባ። የመጀመሪያ ዓመት ሠልጣኝ ደመወዝ ከከተማ ከተማ ይለያያል። በብዙ ቦታ በዓመት ከ60 ሺህ እስከ 75 ሺህ ዶላር ግድም ነው፤ ኑሮ በተወደደባቸው ከተሞች ከዚያም ያልፋል። ደመወዙን የሕፃናት ሐኪም የሚማር ወይም ቀዶ ሐኪም የሚማር ብሎ የሚለይ ሆስፒታል እምብዛም የለም። የሚለየው የሥልጠና ዓመቱ ነው።

ለደንበኛዬ 66,000 ዶላር ወስጄ አሰላሁላቸው። በወር 5,500 ይሆናል። ለሶሻል ሴኩሪቲና ለሜዲኬር 7.65 በመቶ፣ ማለትም 421 ዶላር ይቆረጣል። በ2025 መጠን ለአንዲት ላጤ የፌዴራል ገቢ ግብር በወር ወደ 497 ዶላር ይመጣል። የሚቀረው 4,580 ገደማ ነው። ከዚህ ላይ የግዛትና የከተማ ግብር፣ የጤና መድን፣ የቤት ኪራይ፣ መኪና፣ የፈተናና የፈቃድ ክፍያ ይነሣል። በሰዓት ስናሰላው ደግሞ፣ በሳምንት በአማካይ 70 ሰዓት ለ48 ሳምንት ብትሠራ 3,360 ሰዓት ይሆናል፤ በሰዓት 19 ዶላር ከ64 ሳንቲም ማለት ነው።

ጋሼ ቁጥሩን አይተው ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። በኋላ፣ «እኔ ዓርብ ማታ ከዚህ የተሻለ አገኛለሁ» አሉ።

«ያገኛሉ፤ ነገር ግን እርሷ የሚከፈላት እየተማረች ነው» አልኳቸው።

አንዳንድ ሰው «ተማሪ ከሆነች ለምን ሶሻል ሴኩሪቲ ይቆረጥባታል?» ይላል። ጥያቄው እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ ነበር። በ2011 ማዮ ፋውንዴሽን ከመንግሥት ጋር በተከራከረበት ጉዳይ፣ ፍርድ ቤቱ ሙሉ ጊዜ የሚሠሩ ሬዚደንቶችን እንደ ሠራተኛ የሚቆጥረውን የመንግሥት ደንብ አጽድቋል። ነገሩ በዚያው ተዘጋ።

ሌሎች ግብር ነክ ነጥቦች በአጭሩ፦

ልጅዎን እስከ አሁን ጥገኛ ብለው ያስመዘግቡ ከነበረ ሥራ ከጀመረችበት ዓመት ጀምሮ አይቻልም። 24 ዓመት ከሞላት ሰው ገቢ በ2025 ከ5,200 ዶላር ማነስ ነበረበት። ከጁላይ እስከ ዲሴምበር ያለው የስድስት ወር ደመወዟ ብቻ ይህን ብዙ ጊዜ እጥፍ ያልፈዋል።

ወደ ኦሃዮ የዕቃ ማጓጓዣ ወጪ ከ2018 ጀምሮ ከወታደሮችና ከጥቂቶች በስተቀር ከግብር አይቀነስም። ተቀጣሪ ከኪሱ ለሥራው የሚያወጣው የመጽሐፍና የጋውን ወጪም እንዲሁ።

እርስዎ ልጅዎን ለመርዳት በ2025 እስከ 19,000 ዶላር ቢሰጧት፣ እናቷም እንዲሁ ብትሰጣት፣ የስጦታ ግብር ማስታወቂያ መሙላት አያስፈልግም። ስጦታው ለእርስዎ ወጪ ተብሎ ከታክሲው ገቢ አይቀነስም፤ ለእርሷም ገቢ ተብሎ ግብር አይጠየቅበትም።

በመጨረሻም «ቅዳሜ ሌላ ቦታ ትሥራ» የሚባለው አይሆንም። የመጀመሪያ ዓመት ሠልጣኝ በሕክምና ተጨማሪ ሥራ እንዳይሠራ የሥልጠናው ደንብ ይከለክላል።

የትምህርት ብድር

እዚህ አገር ሕክምና የተማረ ልጅ ብዙውን ጊዜ ከባድ ዕዳ ይዞ ነው የሚወጣው። የፌዴራል ብድር ከተመረቁ በኋላ የ6 ወር እፎይታ አለው። ከዚያ በኋላ ብዙ ሠልጣኞች ሲጨናነቁ «ክፍያው ይቆይልኝ» ብለው ያቆማሉ። ወለዱ ግን አይቆምም። ከዚህም በላይ ትልቅ ዕድል ያመልጣቸዋል።

ከ2007 ጀምሮ ለሕዝብ አገልግሎት ሠራተኞች የወጣ የብድር ምሕረት አለ። ለመንግሥት ወይም ለትርፍ ላልቆመ ድርጅት በሙሉ ጊዜ እየሠሩ 120 ወርኃዊ ክፍያ ለፈጸሙ የቀረው ዕዳ ይሰረዛል። አብዛኞቹ የሕፃናት ሆስፒታሎች ለትርፍ ያልቆሙ ናቸው። ስለዚህ የሥልጠናው 3 ዓመት 36 ክፍያ ሆኖ ሊቆጠር ይችላል። ክፍያውም በገቢ ልክ ነው። ከጁላይ 2014 ወዲህ መበደር የጀመረ ሰው በነባሩ የገቢ ልክ ዕቅድ፣ 66,000 የሚያገኝ ላጤ ቢሆን፣ በ2025 ስሌት በወር 354 ዶላር ያህል ይከፍላል። የመጀመሪያው ዓመት ክፍያ ግን ባለፈው ዓመት የግብር መግለጫ ላይ ሊሰላ ስለሚችል፣ ተማሪ በነበረችበት ዓመት ገቢ ስላልነበራት ዜሮ ሊሆን ይችላል፤ ዜሮውም ይቆጠራል። ስለዚህ ምክሬ ይህ ነው፦ የሕክምና ትምህርት የመጨረሻ ዓመት ላይ ያለ ልጅ ካላችሁ፣ ገቢ ባይኖረውም የግብር መግለጫ ያስገባ።

ታናናሽ ልጆች ላሏችሁ ደግሞ ሕጉ ተለውጧል። በጁላይ 2025 የወጣው ሕግ ከጁላይ 1 ቀን 2026 ጀምሮ ለአዲስ ተበዳሪዎች ግራድ ፕላስ የተባለውን ብድር አስቀርቷል። ለሕክምና ተማሪ የሚሰጠው የፌዴራል ብድር በዓመት 50,000፣ በጠቅላላው 200,000 ዶላር ላይ ተወስኗል። ከዚያ ቀን ወዲህ ለሚወሰድ ብድር አዲስ የአከፋፈል ዕቅድ የመጣ ሲሆን ዝቅተኛው ወርኃዊ ክፍያ 10 ዶላር ነው። የጎደለውን ከግል ባንክ ለመሙላት ወላጅ አብሮ እንዲፈርም ይጠየቃል። አብሮ መፈረም ምስክርነት አይደለም፤ ተበዳሪ መሆን ነው። የግል ብድር ከላይ የተባለው ምሕረት አይደርሰውም። ሱቃችሁንና ቤታችሁን ከማስያዛችሁ በፊት ውሉን ለሚያውቅ ሰው አስነብቡ።

ከአገር ቤት የሚመጣው ሐኪም

ግሪን ካርድ ያለው ወይም ዜጋ የሆነ ሐኪም ከላይ የተባለው ሁሉ ያለ ልዩነት ይመለከተዋል። በቪዛ የሚመጣው ግን ሁለት ዋና መንገድ አለው። አብዛኛው የሚመጣው በጄ-1 ሲሆን ጥቂቱ በኤች-1ቢ ነው። ለኤች-1ቢ ሦስተኛውን የፈቃድ ፈተና አስቀድሞ ማለፍ ያስፈልጋል፤ የሚያስፈጽሙትም ሆስፒታሎች ጥቂት ናቸው። በመስከረም 2025 ከውጭ አገር ለሚቀርቡ አዳዲስ የኤች-1ቢ ማመልከቻዎች የ100,000 ዶላር ክፍያ በፕሬዚዳንቱ አዋጅ ከታወጀ ወዲህ ጉዳዩ ይበልጥ ተወሳስቧል። የቪዛ ደንብ በፍጥነት ስለሚቀያየር ከመወሰናችሁ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ አማክሩ።

በጄ-1 የመጣ ሐኪም ሦስት ነገር ይወቅ።

አንደኛ፣ ከተፈቀደለት ሥልጠና ውጭ ምንም ሥራ መሥራት አይችልም። የአክስቱን ሱቅ ካሽ ሬጅስተር መያዝም ሥራ ነው። «ቤተሰብ ነው፤ አይከፈለውም» የሚለው አያድንም። ለአንድ ቅዳሜ እርዳታ የሰባት ዓመት ትምህርትና ቪዛውን ለአደጋ ማጋለጥ ነው። ለግሮሰሪዋ ባለቤት የነገርኳቸው ይህንኑ ነው።

ሁለተኛ፣ ሥልጠናውን ሲጨርስ ወደ አገሩ ተመልሶ 2 ዓመት መኖር ይጠበቅበታል። ይህን ሳይፈጽም ወይም ነፃ ሳይደረግ ዜጋ ቢያገባ እንኳ ግሪን ካርድ አያገኝም። ነፃ መሆኛው የታወቀው መንገድ ሴናተር ኬንት ኮንራድ በ1994 ያስጀመሩት ነው። በየግዛቱ በዓመት እስከ 30 ሐኪሞች፣ ሐኪም ባነሰበት አካባቢ 3 ዓመት ለመሥራት ውል ገብተው ነፃ ይደረጋሉ። ምክር ቤቱ ይህን ፕሮግራም በየጊዜው የሚያድስ በመሆኑ በጊዜው ያለበትን ሁኔታ ማጣራት ያስፈልጋል።

ሦስተኛ፣ ግብሩ ይለያል። የጄ-1 ሐኪም በመጀመሪያዎቹ 2 የዘመን ዓመታት ለግብር ነዋሪ አይቆጠርም። በጁላይ የመጣ ሰው ስድስቱ ወር አንድ ሙሉ ዓመት ሆኖ ይቆጠርበታል፤ ስለዚህ ጊዜው በተግባር 18 ወር ነው። በዚህ ጊዜ የሶሻል ሴኩሪቲና የሜዲኬር ግብር አይከፍልም። የሚሞላውም 1040-ኤንአር እና ፎርም 8843 ነው። በአንጻሩ መደበኛውን ተቀናሽ አያገኝም። በ66,000 ደመወዝ በሙሉ ዓመት ሲሰላ የገቢ ግብሩ በ3,465 ዶላር ይጨምራል፤ ከሶሻል ሴኩሪቲና ሜዲኬር ግን 5,049 ይተርፈዋል። አንዳንድ የደመወዝ ክፍሎች በስሕተት ይቆርጣሉ። ይህ ከሆነ በመጀመሪያ ቀጣሪውን መልሱልኝ ይበል፤ እምቢ ካሉ በፎርም 843 እና 8316 አይ አር ኤስን ይጠይቃል። ባለቤቱ በጄ-2 መጥታ ፈቃድ አውጥታ ብትሠራ ግን ይህ ነፃነት አይደርሳትም።

እኔ ራሴ ከዓመታት በፊት የሠራሁትን ስሕተት ልናገር። አንድ የጄ-1 ሐኪም በሦስተኛው የዘመን ዓመቱ ሲመጣ፣ ለኤፍ-1 ተማሪዎች የሚሠራውን የ5 ዓመት ደንብ በእርሱ ላይ ቆጠርኩ። ደብዳቤው ሲመጣ መግለጫውን እንደገና ሠራሁ፤ ቅጣቱንም ከኪሴ ከፈልኩ። ከዚያ ወዲህ ሐኪም ሲመጣ መጀመሪያ የምጠይቀው የገባበትን ቀንና የቪዛውን ዓይነት ነው።

ቤተሰብ ምን ያድርግ?

ደመወዝ የሚመጣው በጁላይ አጋማሽ ወይም መጨረሻ ነው። ወጪው ግን በሜይና በጁን ነው፤ የኪራይ ማስያዣ፣ ማጓጓዣ፣ የፈቃድ ክፍያ። ቤተሰብ መርዳት የሚፈልግ ከሆነ ጊዜው ያኔ ነው። ከሐኪምነት በኋላ የሚመጣውን ገንዘብ አስቦ ከሚገዛ ቤት ይልቅ ለሁለት ወር ወጪ የሚሆን ገንዘብ ይጠቅማታል። በማትኖርበት ቤት ላይ ስሟ ከገባ፣ ነገ የራሷን ስትፈልግ ዕዳው ከፊቷ ይቆማል።

በቀን አትደውሉ፤ ካልመለሰች አትቀየሙ። የፋሲካ ወይም የገና ቀን ተረኛ ልትሆን ትችላለች። በዓሉን ነፃ በሆነችበት ቀን አብራችሁ አክብሩ።

ለጎረቤት፣ ለዕድርተኛ፣ ለማኅበርተኛ «እስቲ መድኃኒት ጻፊለት» አትበሏት። የሠልጣኝ ፈቃድ የተሰጣት ለሥልጠናዋ ሥራ ነው፤ ከዚያ ውጭ መጻፍ ሙያዋን ሊያሳጣት ይችላል።

ከከበዳት ደግሞ ስሟት። የመጀመሪያ ሕፃን የሞተባት ሌሊት ለማን እንደምትናገር አታውቅም። «አንቺማ ዶክተር ነሽ፣ በርቺ» ብላችሁ አትዝጉባት።

ጋሼ በዚያ ዓርብ አልፈረሙም። የሌሊቱን ሥራ ከአምስት ቀን ወደ ሁለት ቀን ቀነሱ፤ ለቤቱ ያሰቡትን ከፊሉን ለልጅቱ የኪራይ ማስያዣ ሰጡ። በጁን መጨረሻ ዕቃዋን በራሳቸው መኪና ጭነው ኦሃዮ አደረሷት። ሰሞኑን የሩብ ዓመቱን ቅድመ ግብር ሊከፍሉ ሲመጡ፣ «አሁን ሁለታችንም የሌሊት ሠራተኞች ነን፤ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ እደውልላታለሁ፤ እርሷም ነቅታለች፤ እኔም ነቅቻለሁ» አሉኝ።

ጥያቄ ያላችሁ የሠልጣኙን የሥራ ውል፣ የመጨረሻውን የደመወዝ ወረቀት፣ የብድር መግለጫውንና፣ በቪዛ የገባ ከሆነም፣ የገባበትን ቀን የሚያሳይ ማስረጃ ይዛችሁ ሒሳብ አዋቂያችሁን አነጋግሩ። ከሁሉ በፊት ግን ከመፈረማችሁ በፊት ጠይቁ።

ለሚቀጥለው እትም በቸር ያገናኘን።